ምስጥ በላቸው ስለተባሉት ሁለት ገጾች

ይድረስ ለክቡር የከተማችን መዛግብት ቤት ዋና ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል እላለሁ። እንቅልፍዎ የሰላም፣ ወንበርዎ የጸና፣ የደም ግፊትዎም የተስተካከለ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ የደም ግፊቱን ነገር እንኳ አደራ፣ ይህን ደብዳቤ ቆመው አያንብቡት። እኔ ከመሥሪያ ቤትዎ ጀርባ ባለው መንገድ ላይ መነጽር ቤት ያለኝ ሴት ነኝ። ምናልባት ከሥራ ብዛት ዘንግተውኝ ከሆነ፣ «የትርፌ ልጅ» ብል ፊቴ ወዲያው ይመጣልዎታል ብዬ አምናለሁ።

ምስጋናዬን በአካል ላቀርብልዎ ብዙ ጊዜ ደጅ ጠንቼ ነበር። ጸሐፊዎ ግን ሁልጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለምትለኝ፣ ክቡርነትዎ ስብሰባ ላይ ሆነውም ሊያነቡት በሚችሉት መንገድ፣ ማለትም ከተማው ሁሉ በሚያነብበት ጋዜጣ ላይ ልጽፍልዎ ወሰንሁ። እርስዎ ነገሩን አብጠርጥረው ያውቁታል፤ ለማያውቀው አንባቢ ስል ከመነሻው ብጀምር እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ።

ባለፈው ዓመት ስለ አያትዎ የጻፉት መጽሐፍ በመሥሪያ ቤትዎ አዳራሽ ተመረቀ። አያትዎ በከተማችን የመጀመሪያውን የእንግዳ ማረፊያ የከፈቱ ሰው ሲሆኑ፣ መጽሐፉ «የሙት ልጆች አባት» ይላቸዋል። የዚህ አባትነት ሕያው ምስክር ተብላ የተጋበዘችው ደግሞ እናቴ ናት። መኪና ልከው አስመጧት። እኔም ደግፌያት መጣሁ።

እናቴ ያደገችው በዚያ ማረፊያ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ የተነገራት ታሪክ አጭር ነበር፦ እናቷ የማረፊያው ልብስ አጣቢ ነበረች፤ ልጅቱ ገና መቆም ስትጀምር ጥላት ጠፋች፤ ደጉ የቤቱ ጌታም አንስተው አሳደጓት። ስሟን እንኳ ያወጡላት እሳቸው ናቸው፤ ትርፌ። እርስዎ በመጽሐፍዎ «የሕይወቴ ትርፍ ነሽ ሲሉ» ብለው ተርጉመውታል። እናቴ ግን ስሙ የወጣላት ከእንግዶች የተረፈውን ስለምትበላ እንደሆነ ታውቃለች። ባልዲ ማንሳት ከቻለችበት ቀን ጀምሮ አንሶላ ስታጥብ ኖራ፣ አንድ ቀን የማረፊያውን በር ሊጠግን የመጣ አናጢ በሩን ጠግኖ እሷን ይዞ ወጣ። ያ አናጢ አባቴ ነው።

በምረቃው ዕለት እናቴ መድረክ ላይ ወጥታ ማይክሮፎኑን እንደ ትኩስ ብርጭቆ በሁለት እጇ ያዘችና፣ «የወለደችኝ ጣለችኝ፣ እነሱ አነሱኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እርስዎም ጎንበስ ብለው ግንባሯን ሳሙ፤ ፎቶ አንሺው ስላልደረሰ ደግመው ሳሙ። ቤት ስንገባ እናቴ ጫማዋን አውልቃ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «አሁን እንደው እንዲያ የሚያስጥል ምን አድርጌያት ይሆን? ገና በእግሬ እንኳ አልሄድሁም እኮ» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ሰማንያ ዓመት የሞላት ሴት ናት ይህን የምትጠይቀው። እኔም መልሱን ልፈልግላት ተነሣሁ። በዚህ ፍለጋ ያደረጉልኝን ውለታ እንደሚከተለው በቁጥር አስቀምጫለሁ።

፩. በመጀመሪያ መዝገቡን ስለከለከሉኝ አመሰግናለሁ። ቤተሰብዎ የማረፊያውን የሠራተኞች መዝገብ ለመሥሪያ ቤትዎ በስጦታ እንዳስረከበ በመጽሐፍዎ ስላነበብሁ፣ የአያቴን ስም እንኳ ለማወቅ ማመልከቻ ይዤ ቀረብሁ። እናቴ የእናቷን ስም አታውቅም፤ በዚያ ቤት «አጣቢዋ» ከመባል በቀር ስም አልነበራትም። ክቡርነትዎ ደንቡን በትዕግሥት አስረዱኝ፦ መዝገቡን ማየት የምትችለው ባለመዝገቧ ራሷ ናት፤ ትቅረብ። በሕይወት ብትኖር ከመቶ ዓመት በላይ ይሆናታል ብዬ ባስረዳ፣ እንግዲያው የሞት ማስረጃ ይቅረብ አሉ። የሞት ማስረጃ ለማምጣት የት እንደሞተች ማወቅ፣ የት እንደሞተች ለማወቅ ስሟን ማወቅ፣ ስሟን ለማወቅ ደግሞ መዝገቡን ማየት እንደሚያስፈልግ ስነግርዎ ፈገግ አሉ። ልወጣ በሩ ላይ ስደርስም፣ «ልጇን ጥላ ለሄደች ሴት ይህን ያህል መድከም ምን ይባላል? አርፈሽ መነጽርሽን አትሸጪም?» አሉኝ። ስገባ «እርስዎ» ነበርሁ፤ ስወጣ «አንቺ» ሆንሁ። ወንበር ሳያቀርቡልኝ እንዲህ በፍጥነት ቤተኛ ስላደረጉኝ ውለታዎን አልረሳም።

፪. ሁለተኛው ምስጋናዬ ከሁሉ የላቀ ነው። መዝገቡ ቢከለከለኝም የንባብ ክፍሉ ለሁሉ ክፍት ስለሆነ፣ ሱቄን በምሳ ሰዓት እየዘጋሁ የድሮ ሳምንታዊ ጋዜጦችን ጥራዝ ማገላበጥ ጀመርሁ። የእናቴን የልጅነት ዓመታት ገጽ በገጽ አየሁ። ስለ ማረፊያው ወይም ስለ አጣቢዋ አንዳች ነገር ይገኝ እንደሆነ ነበር ተስፋዬ። ምንም አልነበረም። ነገር ግን በአንዱ ጥራዝ ውስጥ ሁለት ገጾች፣ ከተለያዩ ሁለት እትሞች፣ ከሥራቸው ተቆርጠው ወጥተዋል። የንባብ ክፍሉን ሠራተኛ ስጠይቃት ወደ ላይ ደወለች፤ ክቡርነትዎም በራስዎ እግር ከሦስተኛ ፎቅ ወረዱ። ጥራዙን አይተው «ምስጥ ነው» አሉ።

በጣም የተማረ ምስጥ ነበር፣ ክቡር ሆይ። በማስመሪያ የሚበላ፣ የፊቱንና የኋላውን ገጽ ሳይነካ የሚፈልገውን ብቻ መርጦ የሚያነሣ። በማግስቱ ስመለስ ጥራዙ «ለጥገና» ተወስዷል ተባልሁ።

እውነቱን ልንገርዎ፤ ገጾቹን ባይቆርጧቸው ኖሮ አልፌያቸው እሄድ ነበር። የኋላ ገጽ ማስታወቂያ ነው፤ ፊደሉ ጭንቅላት የሚያዞር፣ ማንም የማያነበው። እኔ የምፈልገውን አላውቅም ነበር፤ የት እንደምፈልገው ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት። የሁለቱን እትሞች ቀን በእጄ ላይ ጽፌ ወጣሁ።

፫. ከዚያ ወዲያ ወደ ነፃው የድረ ገጽ ዓለም ሄድሁ። እንደኔ ዘመዱ የጠፋበት አንባቢ ካለ ይጠቀምበት ዘንድ እዚህ ላይ ጥቂት ላብራራ። የቤተሰብ ፍለጋ ዛሬ በስልክ ነው፣ ብዙውም ያለ ክፍያ ነው። ማንም የቤተሰቡን ሐረግ የሚያስገባባቸው ድረ ገጾች አሉ። በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች የመቃብር ድንጋይ ፎቶ እያነሡ የሚሰበስቡባቸው አሉ። ዩኒቨርሲቲዎች የድሮ ጋዜጣ ገልብጠው የሚያስቀምጡባቸው አሉ። አንዳቸውም መታወቂያ አልጠየቁኝም፤ አንዳቸውም ባለመዝገቧ ትቅረብ አላሉኝም። ችግሩ የተገለበጠውን ገጽ የሚያነበው ማሽን የእኛን ፊደል አጥርቶ ማንበብ አለመቻሉ ነው። «ለ»ን «ሰ» ይለዋል፤ የድሮ ጸሐፊም አንዱን «ሀ» በሦስት መልክ እየቀያየረ ስለሚጽፍ፣ አንድን ቃል በሁሉም መልኩ እየጻፉ ካልሞከሩ አይገኝም። እኔ ግን ቃል መፈለጌን ተውሁ። ቀኑ በእጄ ነበር! ያንኑ ጋዜጣ አንድ የሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ ሙሉውን ገልብጦ አስቀምጦታል፤ ቀኑን አስገብቼ ከፈትሁት። ባሕር ማዶ ያለው ቅጂ ምስጥ አልደረሰበትም ነበር።

በመጀመሪያው ገጽ ግርጌ፣ ከሚሸጥ የልብስ ስፌት መኪናና ከጠፋ ብስክሌት ሥር እንዲህ ይላል፦

«ልጄን ለእንግዳ ማረፊያው ጌታ አደራ ሰጥቼ ለሳንባ ሕመም ማገገሚያ ገብቼ ነበር። አሁን ድኛለሁ። ልጄን ልውሰድ ብዬ ብልክ መልስ አጣሁ፤ ብመጣ ከበር መለሱኝ። ከቀኝ ጆሮዋ ሥር ማርያም የሳመቻት ምልክት አለባት። ልጄን ያየ ስለ ፈጣሪ ይንገረኝ።»

ከሥሩ የአያቴ ስም አለ። በማስታወቂያው ውስጥም፣ «ልጄን» ከሚለው ቀጥሎ፣ የእናቴ ስም አለ፤ እናቷ ያወጣችላት። ያንን ስም እዚህ አልጽፍልዎትም። ቤተሰብዎ አንድ ጊዜ ወስዶታል፤ አሁን ከእኔ ብዕር አያገኙትም፣ ከማስታወቂያው ላይ ራስዎ ያንብቡት።

በሁለተኛው ገጽ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ መልሱ ወጥቷል፦

«ስለ ልጇ በዚህ ጋዜጣ ለጠየቀችው ሴት። ልጅቱ በትኩሳት ታማ አርፋለች፤ በክብርም አስቀብረናታል። ከእንግዲህ ቤታችንን እንዳታውኪ እናሳስባለን።»

ፈራሚው አያትዎ ናቸው። የሙት ልጆች አባት።

ይህን ሳነብብ ሟቿ ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየላጠች፣ ቢላዋው ደነዘ ብላ እኔን ትራገም ነበር።

፬. መቼም ሰው በስሜት አይነዳም፤ ምናልባት የሞተች ሌላ ልጅ ትኖር ይሆናል ብዬ ለአያትዎ ጥብቅና ቆምሁላቸው። እዚህ ላይም የረዱኝ እርስዎ ነዎት። መጽሐፉ ሲመረቅ የቤተሰብዎን ፎቶዎች «ለትውልድ በነፃ» ብለው በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ አውጥተዋቸዋል። አንዱ የማረፊያው ፎቅ የተመረቀበት ዕለት ነው። በሩ ላይ የተሰቀለው ጨርቅ ቀኑን በትልልቅ ፊደል ይናገራል፤ ከቀብሩ ሁለት ዓመት በኋላ። ከዳር፣ የፎጣ ክምር ያቀፈች ልጅ ፎቶ አንሺው ሲጠራ ዘወር ብላለች። ፎቶውን ሳጎላው ከቀኝ ጆሮዋ ሥር ምልክቷ ይታያል። በመጽሐፍዎ ውስጥ ይኸው ፎቶ ከዚያ ጋ ተቆርጧል፤ የቀረው ክርኗ ብቻ ነው። ምስጡ መጽሐፍዎም ውስጥ ገብቶ ነበር ማለት ነው፤ ድረ ገጹን ግን ረሳው።

፭. አሁን የአያቴን ስም ስላወቅሁ የመቃብር ፎቶዎች ወደሚሰበሰቡበት ገጽ ሄድሁ። በሌላ ከተማ ያለች አንዲት ጡረተኛ ነርስ ያነሣችው ድንጋይ ላይ ስሟን አገኘሁት። ግማሹ በድንጋይ ሽበት ተሸፍኗል። ለነርሷ ጻፍሁላት። አታውቀኝም፣ አላውቃትም፤ በማግስቱ ውኃና ብሩሽ ይዛ ሄዳ ድንጋዩን አጥባ ደግማ አነሣችው። «የሁለት ሴት ልጆች እናት» ይላል፣ ከነስማቸው። ነርሷ በዚህ ሳታበቃ የመቃብሩን ጠባቂ፣ አበባ የሚያመጣ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችልኝ። አለ፤ ታናሽየዋ ልጅ፣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር የነበረች፣ አሁን ጡረታ የወጣች። እናቴ እህት አላት፣ ክቡር ሆይ።

ለእናቴ የነገርኋት እሑድ ከምሳ በኋላ ነው። የእናቷን ማስታወቂያ አነበብሁላት። «እንደገና አንብቢው» አለች። አነበብሁ። አሁንም እንደገና አስነበበችኝ። ከዚያ፣ «ፈልጋኛለች ማለት ነው» አለች፤ ጥያቄ አልነበረም። ተነሥታ ፊቷን ታጥባ መጣችና፣ «እስቲ በስሜ ጥሪኝ» አለችኝ። ጠራኋት። መጀመሪያ ሌላ ሰው የተጠራ መስሏት በር በሩን አየች። ደግሜ ጠራኋት። በሰማንያ ዓመቷ፣ እናቷ ባወጣችላት ስም ተጠርታ፣ «አቤት» አለች።

የአያትዎን መልስ ያነበብሁላት ኋላ ነው። አላለቀሰችም። ረጅም ጊዜ ጉልበቷን ስታሻሽ ቆየችና፣ «እኔ እኮ አመስግኛቸዋለሁ። ሰው ሁሉ እያየ፣ በማይክሮፎን!» አለች። ቀጥላም፣ «ምስጋናዬን አስመልሺልኝ» አለችኝ።

አክስቴ በሚቀጥለው ሳምንት መጣች። ሁለቱ አሮጊቶች በር ላይ ሲተያዩ ምን እንዳሉ አልነግርዎትም፤ የእርስዎ ጉዳይ አይደለም። የእርስዎ ጉዳይ የሆነውን ግን ይስሙ። አያቴ ያን መልስ በጋዜጣ ካነበበች በኋላ መጥታ፣ የልጄን መቃብር አሳዩኝ ብላ ማረፊያው በር ላይ ወድቃ ለምናለች። በመጨረሻ ቤተሰብዎ አሽከር ሰጥቶ፣ ከማረፊያው በስተጀርባ ባለው መካነ መቃብር አንድ ስም የሌለው ትንሽ ጉብታ አሳያት። ከዚያ በኋላ አያቴ በየዓመቱ ትንሿን ልጇን ይዛ በአውቶቡስ ትመጣና ያን ጉብታ ታርም፣ አጠገቡም ተቀምጣ ስታለቅስ ትውል ነበር። አክስቴ ይህንን ስትናገር እናቴ እጇን ያዘችና፣ «ቀይ ኮት ነበረሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

ነበራት።

መካነ መቃብሩ ከማረፊያው ጓሮ ይታያል፤ የልብስ ማስጫው ገመድ በዚያ በኩል ነው። እናቴ አንሶላ ስታሰጣ ቀይ ኮት የለበሰች ሕፃን የያዘችውን ሴት ታያት ነበር። «እንዲህ የሚለቀስላት ምን ዓይነት ዕድለኛ ልጅ ናት እል ነበር» አለች። 

፮. የመጨረሻው ምስጋናዬ ለትጋትዎ ነው። ሁለቱን ማስታወቂያዎች፣ ያልተቆረጠውን ፎቶና የድንጋዩን ፎቶ፣ እያንዳንዱን ከተገኘበት ምንጭ ጋር፣ እርስዎ ለአያትዎ በከፈቱት የቤተሰብ ሐረግ ገጽ ላይ አያይዣቸዋለሁ። ገጹ ነፃ ነው፤ ማንም ይጨምራል። ማንም ደግሞ ይሰርዛል፤ ግን ያ ድረ ገጽ የተሰረዘውን ሁሉ ያስታውሳል፣ በማንና በስንት ሰዓት እንደተሰረዘም ለተመልካች ሁሉ ያሳያል። ከመሥሪያ ቤትዎ ኮምፒውተር፣ በሥራ ሰዓት፣ ደጋግሞ የሚሰርዝ አንድ ታታሪ ሠራተኛ እንዳለዎት ሳበሥርዎ ደስ ይለኛል። የደመወዝ እርከን ይጨመርለት።

ስልክ ደውለውም፣ «ነገሩን በሽማግሌ እንጨርሰው፤ የሙታን አጥንት መቆፈር ለማን ይበጃል?» ብለውኛል። ልክ ነዎት፣ የሙታን ነገር ለማንም አይበጅም። ነገር ግን እዚህ ጉዳይ ውስጥ ሙት አላገኘሁም፤ የተቀበረችው ሴት ከእኔ ጋር ቁርስ ትበላለች። ለእናቴ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ የስም ሰሌዳ ልስቀልላትም ብለዋል። የትኛውን ስም ሊጽፉበት እንዳሰቡ ብጠይቅዎ ስልኩ ተቋረጠ፤ መስመሩ ይሆናል።

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። እናቴ የሰጠቻችሁን ምስጋና ትመልሱላት ዘንድ። እንዴት እንደሚመለስ ብዙ አስቤበታለሁ፤ ምስጋና ዕቃ አይደለም። እናቴ ራሷ መፍትሔውን አግኝታለች፤ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ማይክሮፎን፣ ክቡርነትዎ ሁለቱን ማስታወቂያዎች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያንብቡላት። ግንባሯን መሳም አያስፈልግም። ይህ የማይመችዎ ከሆነም ሥራ በዝቶብዎ ነው ብለን እንረዳለን፤ የመሥሪያ ቤትዎ ቦርድ ገጾቹ ስለተቆረጡበት ጥራዝ ሊያነጋግረኝ ስለጠራኝ ያን ዕለት እኔው አነብልዎታለሁ። ዩኒቨርሲቲው ቅጂው ሙሉ ለመሆኑ በማኅተም አረጋግጦልኛል። ክፍያ አልጠየቀኝም።

የቤተሰብዎን ደግነት በዝርዝር ለማወቅ የበቃሁ፣ በዕድሜዬ ሙሉ ውለታዎን ለመመለስ ቀን ከሌት የምተጋ፣ ዘወትር የማልረሳዎ፣

የአጣቢዋ የልጅ ልጅ።

ማስታወሻ፦ የቤተሰብ ሐረግ ድረ ገጹ እናቴን ከአያትዎ ጋር ሳገናኛት ዝምድናቸውን እንድመርጥ ጠየቀኝ። የቀረቡልኝ ምርጫዎች «ወላጅ»፣ «አሳዳጊ»፣ «አሠሪ» እና «ሌላ» ነበሩ። ብዙ ካመነታሁ በኋላ «ሌላ» የሚለውን መርጬ በባዶ ቦታው ላይ «በቁሟ የቀበራት» ብዬ ሞላሁት። የተሻለ ቃል ካለዎት ገጹ ለማንም ክፍት ነው፤ ግን ሲያርሙ የራስዎን ስም ይጠይቅዎታል።